ከወንዙ ላይ የመጡ ዘጠኝ ድምፆች

እህቴ ከአባይ ላይ የላከችልኝ ዘጠኝ የድምፅ መልእክቶች ስልኬ ውስጥ አሉ። አባይ ስል የኛን፣ ከመካነ ሰላም ቁልቁል ያለውን ማለቴ አይደለም። ግብፅ የደረሰውን ነው። ውሃው ግን ያው ነው።

እህቴ አረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ አምስት ዓመት ሆኗት ነበር። ሁለት ልጆች ታሳድጋለች፣ ታበስላለች፣ ታጸዳለች። ባለፈው ጥር የልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ማዳሟ ቤተሰቡን ይዛ ግብፅ ሄደች፤ እህቴንም ልጆቹን እንድትጠብቅ ወሰደቻት። አምስት ቀን በመርከብ ተጓዙ። መርከቡ በየከተማው ይቆማል፣ ተሳፋሪዎቹ ይወርዱና አስጎብኚ እየመራቸው የጥንት ቤተ መቅደሶችና የነገሥታት መቃብሮች ያያሉ። እህቴ ዓረብኛ ለምዳለች። አስጎብኚው የሚለውን ልጆቹን እያባበለች ትሰማለች፣ እነሱ ሲተኙላት ደግሞ ለኔ ታወራልኛለች።

በመጀመሪያው ቮይስ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ትላለች፦ «ለእማየ እንዳታሰማት። ውሃ ላይ ናት ካልካት እንቅልፍ አይወስዳትም።»

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። የእናቴን ታላቅ ወንድም አባይ ነው የወሰደው። እኔ ሳልወለድ ነው። ወደ ጎጃም ሊሻገር ወርዶ ውሃው ሞልቶ ጠበቀው፣ እሱም አልመለስም ብሎ ገባ። አስከሬኑ አልተገኘም። እናቴ ወንዝ ሲነሳ ወሬ ትቀይራለች። ስለዚህ አላሰማኋትም። ቮይሶቹን ብቻዬን ሰማኋቸው፣ ሳቅኩ፣ ከዚያ ረሳኋቸው።

ግንቦት ላይ ሁለቱም ዓይኗ የፈዘዘባትን እናቴን ደሴ ወስጄ የቀኙን ሞራ አስገፈፍኳት። እህቴ ናት ገንዘብ ልካ ያሳከመቻት። ዶክተሩ ጠብታና ንጹሕ ፋሻ ሰጠን፣ አጠራረጉንም አሳየን፤ አራት ሳምንት ጭስና አቧራ እንዳይነካት፣ እንዳታሸው፣ እንዳታለቅስ አለ።

«በደስታም ቢሆን?» አለችው እናቴ።

«በደስታም ቢሆን፣ እናቴ።»

«አብሽር፣ ደስታው እንኳ የለም» አለችው፤ ነርሷ ሳቀች።

ከተመለስን በስድስተኛው ቀን ወፍጮ ቤት ተሰልፌ ሳለሁ በማላውቀው የውጭ ቁጥር ተደወለልኝ። በወፍጮው ጩኸት አልሰማ ስላለኝ ወደ ውጭ ወጣሁ። የእህቴ ጓደኛ ነበረች፣ እዚያው ሰፈር ሌላ ቤት የምትሠራ።

«ወንድሟ ነህ? እናትህ አጠገብህ አሉ?»

«የሉም።»

ነገረችኝ። እህቴን ሁለት ቀን ራሷን አሟት ነበር። በሦስተኛው ቀን ልብስ ስታጥብ ወደቀች፤ ሆስፒታል ወሰዷት፤ አልነቃችም። ትናንት ቀብረዋታል። ልጅቷ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ደጋግማ አለችኝ፦ «እኔ ነኝ ያጠብኳት። ከሁለት የአገራችን ልጆች ጋር። በእጄ ነው ያጠብኳት፣ እሺ? ለእናትህ ይህን ንገራቸው።»

እሺ አልኳት። እህሉን እዚያው ትቼ ሄድኩ። የማን ተራ እንደነበረ እንኳ አላስታውስም።

ወደ ቤት አልሄድኩም። በኛ አገር ቀብሩንም ለቅሶውንም የሚይዘው የሰፈሩ ማኅበር አለ፣ ቅሬ እንለዋለን። የቅሬው ዳኛ ሽማግሌ ናቸው፣ ከቤታችን ሦስተኛው በር። እሳቸው ዘንድ ሄድኩ። መርዶ እንደተሰማ ተነስቶ አይነገርም። መጀመሪያ ዘመድ ይጠራል፣ ሴቶቹ ይዘጋጃሉ፣ ከዚያ ሽማግሌዎች ሊነጋጋ ሲል ገብተው ይናገራሉ። ቀድሞ የተናገረ ሰው ይወቀሳል። የገዛ ልጅ ከሆነማ ይባስ።

ሽማግሌው ሰሙኝ። «ኢና ሊላሂ» አሉ። ከዚያ ጠየቁኝ፦ «የናትህ ዓይን ስንት ቀን ቀረው?»

«ሃያ ሁለት።»

በጣታቸው ቆጠሩ። ሌሎቹን ሽማግሌዎች አስጠሩ። ተነጋገሩ። ዓይኗ ሳይድን መርዶ አይነገርም ተባለ። አራት ሳምንቱ አርብ ያልቃል፤ ቅዳሜ ንጋት ላይ ይነገራታል። በሌለችበት የሚሰገደውን የሞት ሶላት ከከተማው ዳር ባለው መስጊድ ሰገድንላት፣ ወሬው ከእናቴ ጆሮ እንዳይደርስ።

«ትችላለህ?» አሉኝ ሽማግሌው ስንወጣ።

«እችላለሁ» አልኩ።

ሰፈሩ በሙሉ አወቀ። እናቴ ብቻ አላወቀችም። ሰዎች «እንኳን ዓይንሽ በራ» እያሉ ይመጣሉ፤ ሁለት ደቂቃ ይቀመጣሉ፣ ይወጣሉ። ክርስቲያኗ ጎረቤታችን ነጠላዋን ለለቅሶ እንዳዘቀዘቀች ረስታ ገባች። እናቴ አየቻት።

«ማን ሞተብሽ?»

ሴትዮዋ ደነገጠች። «ወግዲ... ወግዲ ያለ አጎቴ።»

«ወይኔ! መች? ታዲያ ዝም ትያለሽ? ነገ መኪና ተሳፍሬ እሄዳለሁ።»

«አይ እቴ፣ ዓይንሽ! አቧራው!»

«ዓይኔ ምን ይሆናል፣ ሸፍኜው እሄዳለሁ።»

ሴትዮዋ አጎቷ በጣም ያረጁ እንደነበሩ፣ ለቅሶውም እንዳለቀ፣ ሰውም እንደተበተነ ተናገረች። ሁሉም ውሸት ነው። ያ አጎት በሕይወት አሉ። እናቴ እጇን ዘርግታ ለሰውየው ዱዓ አደረገች፣ ሴትዮዋ አሜን አሜን እያለች ወጣች። በሩ ጋ ስደርስ አጥሩን ይዛ ታለቅስ ነበር።

ችግሩ አርብ ነው። እህቴ አርብ አርብ ትደውላለች። የመጀመሪያውን አርብ ኔትወርክ የለም አልኩ። እናቴ አመነች፣ እዚህ ኔትወርክ ብዙ ቀን የለም። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ጠየቀችኝ። በማግስቱም። ምግብ ስትበላ ስልኬን ታያለች። ቅርብ ያለ ነገር ገና ይደበዝዝባት ነበር፤ ስልኬን የምታየው ግን በጆሮዋ ይመስላል፣ ስልኩ ትንሽ ሲጮህ ቀና ትላለች።

ያኔ ነው ቮይሶቹ ትዝ ያሉኝ።

ውሃውን እንዴት እንደምነግራት አሰብኩ። የምፈራው ሁለት ነገር ነበር፣ አንዱ ወንዙ፣ ሌላው ዝምታው። ወንዙ ይሻላል አልኩ። «እታለም ከማዳሟ ጋር ግብፅ ሄዳለች፣» አልኳት፣ «መርከብ ላይ ናት፣ ከዚያ መደወል አይቻልም፣ ቮይስ ብቻ ነው የሚላከው።»

«መርከብ ምን ላይ?»

«ውሃ ላይ።»

«የምን ውሃ?»

«አባይ ላይ።»

መቁጠሪያዋን አስቀመጠች። «አሰማኝ» አለች።

የመጀመሪያውን ቮይስ ከአሥራ አንደኛው ሰከንድ ጀመርኩት። እንዳታሰማት የሚለው እስከ አሥር ነው። ጣቴ እንዳይስት እፈራ ነበር።

እህቴ ትናገራለች። «መርከቡ አራት ፎቅ ነው ወላሂ። እንደ ቤት አልጋ አለው፣ መጋረጃ አለው። ከሁሉ በላይ ጣሪያው ላይ ደግሞ መዋኛ አለ። ውሃ ላይ ቤት ሠርተው ቤቱ ላይ ውሃ! ዛሬ ያየነው ቤተ መቅደስ ምሰሶው አንዱ ብቻ ስድስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም። አስጎብኚው በዱላ ጫፍ ቀይ ጨርቅ አስሯል፣ እንዳንጠፋ። እኔ ጨርቁን አላይም፣ ልጆቹን ነው የማይ። ትንሹ ምሰሶው ሥር ሸናብኝ። የንጉሥ ምሰሶ ላይ!»

እናቴ ሳቀች። ከዚያ ደነገጠች። «ጣዖት ቤት ነው?»

«የድሮ ነው፣ እማየ። ለማየት ብቻ ነው።»

«ድምፅ ልላክላት» አለች። ስልኩን አፏ ጋ ያዝኩላት። «ልጄ፣ ከጠርዙ ራቂ። ሌሊት ወደ ደጅ አትውጪ። ልጆቹን ያዢ፣ ራስሽንም ያዢ።» ላክሁት። ጎኑ ላይ አንድ ምልክት ብቻ ወጣ። ሁለተኛው አልመጣም። የእህቴ ስልክ ጠፍቷል።

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። በየሁለት ቀኑ፣ አንዳንዴ በሦስት ቀን አንድ አሰማታለሁ። አምስት ቀን የፈጀውን መንገድ ወደ ሃያ ቀን አስጠጋሁት። እናቴ ጠዋት ጠብታውን ስጨምርላት «ዛሬ የት ደረሰች?» ትላለች። አንድ ቀን «ይህ ወንዝ አያልቅም እንዴ?» አለችኝ። በዓለም ረጅሙ ነው ተብለን ተምረናል አልኳት። እውነት ነው፣ እሱ ብቻ እውነት ነው።

ስለ መቃብሮቹ የላከችው ሁለት ቮይስ ነው። ወንዙን ተሻግረው በአውቶቡስ ወደ ተራራ ሄዱ። ተራራው ሣር የለውም፣ ከውስጡ ተፈልፍሏል። «አስጎብኚው መቃብሩ ውስጥ እንዲያወራ አይፈቀድለትም» ትላለች። «ከውጭ ሁሉን ይነግረንና በሩ ላይ ይቆማል። እኛ ብቻችንን እንገባለን። ቁልቁል፣ ቁልቁል ነው። ቀለሙ ትናንት የተቀባ ነው የሚመስለው። ንጉሡ ስሙን በሁሉም ቦታ አስጽፏል፣ እንዳይጠፋ። ከሥሩ ደግሞ አገልጋዮቹ ተስለዋል፣ ዳቦ የተሸከመ፣ ዳክዬ የያዘ፣ ልጅ ያዘለች። የነሱ ስም የለም። ልጅ ያዘለችውን ሳያት ሳቄ መጣ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ አንደኛው ልጅ ሳይነቃባት አይቀርም። «ትንንሽ አሻንጉሊትም አብረው ይቀብራሉ አለ። ንጉሡ በወዲያኛው ዓለም ሥራ ሲታዘዝ እነሱ አቤት ብለው ይነሱለታል። አየህ፣ እዚያም ማዳም አለች። አላህ እኛን በአኼራ ያሳርፈን።»

እናቴ «አሚን» አለች። እኔ ተነስቼ ወጣሁ። ውሃ ልቅዳ ብዬ ነው የወጣሁት፤ ጀሪካኑን ግን አልያዝኩም።

አምስተኛው ቮይስ ላይ ግድብ ለማሻገር መርከቡን ሳጥን በሚመስል ቦታ ዘግተው ውሃ ሲሞሉበት ከፍ እያለ ይሄዳል። በትንንሽ ጀልባ የመጡ ነጋዴዎች ልብስ በላስቲክ ጠቅልለው ወደ ላይ ይወረውራሉ፣ የፈለገ ይገዛል፣ ያልፈለገ መልሶ ይወረውራል። ማዳሟ የወረወረችው ውሃ ውስጥ ገባ። እናቴ ይህን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። «የውሃ ላይ ገበያ!» እያለች። ነጋዴዎቹ ለምን እንደማይሰምጡ ጠየቀችኝ።

ሰባተኛው የአዞው ነው። የጥንት ሰዎቹ አዞ ያመልኩ ነበር፤ ሲሞት በጨርቅ ገንዘው ይቀብሩታል፣ እዚያ በመስታወት ውስጥ ተደርድሮ ይታያል። እናቴ ጆሮዋን ማመን አቃታት።

«አዞ ይከፈናል?»

«አስጎብኚው ይላል።»

«አስተግፊሩላህ።» ከዚያ «የኔ ወንድም ከፈን አላገኘም» አለች። ስለሱ ስትናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «ያ ወንዝ ለማን ከፈን እንደሚሰጥ አያውቅም።»

ያኔ የእህቴን ጓደኛ ቃል ላወጣው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በእጄ ነው ያጠብኳት ያለችውን። አላወጣሁትም። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ብለዋል።

ረቡዕ ዕለት፣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እናቴ መግሪብ ሰግዳ ግቢ ወጣች። ደመናው ትንሽ ከፈት ብሎ ነበር። በምዕራብ በኩል ቀና ብላ ቆመች። «ጨረቃዋ ተወለደች» አለችኝ፣ «ቀጭን ናት፣ እንደ ጥፍር። ስንት ዓመቴ ነው ካየኋት።» ደስ አለኝ። ቅርቡ ይደበዝዝባታል እንጂ የሩቁን ጥርት አድርጋ ታያለች ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ስምንተኛውን ከፈትኩላት። ለጥንቃቄ አስቀድሜ ሰምቼው ነበር። የማይሆን ነገር አላገኘሁበትም።

«ዛሬ አስዋን ገባን» ትላለች እህቴ። «ደሴት ላይ ያለ ቤተ መቅደስ አየን፣ በትንሽ ጀልባ ነው የሚኬደው። ውሃው ሊውጠው ሲል ድንጋዩን አንድ በአንድ ነቅለው ከፍ ወዳለ ቦታ አዛወሩት አለ። አስጎብኚው ይህ ውሃ ከየት ይመጣል ብሎ ጠየቀ። ትልቁ ልጅ እጁን አወጣና ‹ከሠራተኛችን አገር› አለ። ሁሉም ዞረው አዩኝ! አፈርኩ፣ ደስም አለኝ። አሁን መግሪብ ሰግጄ በረንዳው ላይ ነኝ። ጨረቃዋ ሙሉ ናት። ውሃው ላይ ወድቃ ታበራለች፣ መጽሐፍ ያስነብባል። የኛ አባይ ይጮሃል፣ ይሄ ድምፅ የለውም። አንድ ውሃ ነው ማለት ይከብዳል።»

እናቴ ፈገግ ብላ ነበር። ከዚያ ፈገግታዋ ቆመ።

«መልሰው።»

መለስኩት።

«ሙሉ ናት አለች?»

«አዎ።»

«የኛ ጨረቃ ትናንት ነው የተወለደችው። በዚህ ዓይኔ ነው ያየኋት።»

«እዚያ ምናልባት...»

«አሥራ ሁለት ዓመት ተማርክ» አለችኝ። «ንገረኝ እስኪ፣ ጨረቃ ስንት ናት?»

«አንድ።»

«ይህ ድምፅ የመቼ ነው?»

«የጥር።»

«እሷስ?»

ሽማግሌዎቹ እንዴት እንደሚጀምሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ስለ አላህ ሥራ፣ ስለ ነቢያት ሞት ተናግረው ነው የሚደርሱበት። እኔ አንዱም አልመጣልኝም።

«አለች ወይስ የለችም?»

«የለችም፣ እማየ።»

ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይህን ነው፦ «ማን አጠባት?»

«ጓደኛዋ። በእጇ ነው ያጠበቻት፣ ከሁለት የአገራችን ልጆች ጋር። ለእናትህ ንገራቸው ብላኛለች።»

«ከፈንስ?»

«አግኝታለች።»

«አግኝታለች» አለች። ከዚያ አለቀሰች። ድምፅዋ ሰፈሩን አመጣው። ዘመድ ገና አልተጠራም፣ ድንኳን አልተጣለም፣ ሴቶቹ ሊጥ በእጃቸው እንደያዙ ነው የሮጡት። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ፣ አዩኝ። «ምን አደረግህ? ሁለት ቀን! ሁለት ቀን አቃተህ?»

«አይቆጡት» አለቻቸው እናቴ። «እሱ አይደለም የነገረኝ፣ ራሷ ናት።»

በኛ ዘንድ እናት ልጇን ስታለቅስ ፊቷን ትቧጭራለች፣ ደረቷን ትመታለች። ሼኮቹ ቢከለክሉም የሚተው የለም። ሴቶቹ እጇን ሊይዙ ተዘጋጅተው ነበር። መያዝ አላስፈለጋቸውም። እናቴ ከትራሷ ሥር ዶክተሩ የሰጣትን ንጹሕ ፋሻ አወጣች። እንባው ሲወርድ ከጉንጯ ላይ፣ ከታች፣ ልክ እንዳሳያት ቀስ አድርጋ ትጠርጋለች። ዓይኑን አልነካችውም። አንዷ ሴት «እሪ ብለሽ አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ» ስትላት ራሷን ነቀነቀች። «ይህ ዓይን የሷ ነው» አለች። ሦስቱንም የለቅሶ ቀን እንዲሁ አለቀሰች። ጠብታውን በሰዓቱ ታስጨምረኛለች፣ ቀና ትልልኛለች፣ ከዚያ ወደ ለቅሶው ትመለሳለች።

ለታዚያ፣ ሊያጽናናን የመጣ ሰው ሁሉ ስለ መርከቡ ሰማ። እናቴ ናት የምትነግረው። የመዋኛውን፣ የቀዩን ጨርቅ፣ የውሃ ላይ ገበያውን። ከማሻ ድረስ የመጡ ዘመዶች የንጉሡን መቃብር ከሷ አፍ ሰሙ። ስታወራ ትንሽ ታሳስታለች፣ አዞውን ከነገሥታቱ ጋር ትቀብረዋለች። አላረምኳትም።

ሰው ከተበተነ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ «የቀረ አለ አይደል?» አለችኝ።

«አንድ።»

ዘጠነኛው አጭር ነው። ከኋላ ሻንጣ ሲጎተት ይሰማል። «ኸላስ፣ አለቀ፣ ወረድን። የልጆቹን ልብስ ሸክፌ ጨርሻለሁ፣ አንድ ካልሲ ጠፍቷል። ታውቃለህ፣ ለካ አምስቱንም ቀን ወደ ላይ ነበር የምንሄደው። ወደ እናንተ። አሁን በአውሮፕላን እንመለሳለን። ቻው፣ እየጠሩኝ ነው።»

እናቴ ፎቶ እንዳለ ጠየቀችኝ። አንድ አለ። እህቴ ምሰሶው ሥር ቆማ ትንሹን ልጅ አቅፋለች፣ ትልቁን በእጁ ይዛዋለች፣ ፀሐዩ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ፊቷን አጨፍግጋለች። ለእናቴ አሳይቻት አላውቅም፤ በፊት ዓይኗ አያይም ነበር፣ በኋላ ደግሞ ፈራሁ። አጉልቼ ሰጠኋት። ቅርቡ ስለሚደበዝዝባት ስልኩን ተቀብላ ክንዷን እስከ ጫፉ ዘረጋችው።

ከሄደች አምስት ዓመት አልፏታል። እናቴ መልኳን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

«ከስታለች» አለች። «አልነገርከኝም።»

ስልኩን አልመለሰችልኝም። እጇ ሲደክማት ክንዷን በሌላው እጇ ደገፈችው። የጠብታው ሰዓት ደርሶ ነበር፤ እስክትጨርስ ጠርሙሱን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።